ወደ ገጹ የሚመልስ አድራሻ

መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ያቋረጠበትን ቦታ እንዳይስት በገጾቹ መካከል ዕልባት ያኖራል። የድረ ገጽ አንባቢም ዕልባት አለው፤ እርሱም የገጹ አድራሻ ነው። ተማሪው አድራሻውን በብራውዘሩ መዝግቦ በማግስቱ ይመለስበታል፤ በቴሌግራም ለጓደኛው ይልከዋል፤ ሲያሻውም በደብተሩ ይገለብጠዋል። ሆኖም አድራሻው በተከፈተ ጊዜ የተፈለገው ገጽ ቀርቶ «የገጹ ጊዜ አልፏል» የሚል መልእክት ብቻ ብቅ የሚልበት ወቅት አለ። በዚህ ጊዜ ብዙዎቻችን ኔትወርኩን እንወቅሳለን። ጥፋቱ ግን የኔትወርኩ ሳይሆን የድረ ገጹ አሠራር ነው። በእኔ እምነት ወደ ገጹ የሚመልስ አድራሻ መስጠት ሥራው ካለቀ በኋላ የሚጨመር ጌጥ ሳይሆን፣ ከንድፉ ጀምሮ ሊታሰብበት የሚገባ ግዴታ ነው።

ችግሩ ከየት መጣ? ድር እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ ሲቀርብ ገጾቹ በአብዛኛው ተጽፈው የተቀመጡ ፋይሎች ነበሩ፤ እያንዳንዱም የራሱ አድራሻ ነበረው። ሰርቨሩ የቀደመውን ጥያቄ ማስታወስ አይጠበቅበትም ነበር። ሮይ ፊልዲንግ እ.ኤ.አ. በ2000 ባቀረበው የዶክትሬት ጥናቱ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ ራሱን ችሎ የሚቆም መሆኑን ከድር አወቃቀር መሠረቶች እንደ አንዱ ቆጥሮታል። በኋላ ግን ገጾች በፕሮግራም የሚገጣጠሙ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2004 በጆናታን ሎክ የተጀመረውና በጃቫ ቋንቋ የተጻፈው ዊኬት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በእንዲህ ያለው ፍሬምወርክ ባለሙያው ቅጹን፣ ሠንጠረዡንና አዝራሩን እንደ ተገጣጣሚ ክፍሎች ይሠራቸዋል፤ የእያንዳንዱን ክፍል ሁኔታም ሰርቨሩ ያስታውስለታል። ይህ ሥራን በእጅጉ ያቃልላል። ነገር ግን ባለሙያው ካልተጠነቀቀ አድራሻው «የዚህ ጎብኚ ሦስተኛ ገጽ» ከሚል ቁጥር የተለየ ነገር አይዝም። ጎብኚው ለተወሰነ ጊዜ ዝም ካለ ሰርቨሩ ይረሳዋል፤ ቶምካት በተባለው ሰርቨር መደበኛው ገደብ 30 ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ትርጉም የለውም። በሌላ ሰው ስልክ ላይማ ከመጀመሪያውም ትርጉም አልነበረውም።

በፊዚክስ ይህንን የሚመስል ልዩነት እናውቃለን። አንድ መኪና ከአዳማ ተነሥቶ ወደ ሁሩታ ሲወጣ የሚያገኘው እምቅ ጉልበት የሚወሰነው በክብደቱና በሁለቱ ከተሞች የከፍታ ልዩነት ብቻ ነው፤ በየትኛው መንገድ እንደመጣ አይጠየቅም። ያቃጠለው ነዳጅ ግን እንደ መንገዱና እንደ አነዳዱ ይለያያል። ጥሩ አድራሻ እንደ እምቅ ጉልበቱ ነው፤ የተደረሰበትን ቦታ ብቻ ይናገራል። መጥፎ አድራሻ እንደ ነዳጁ በጉዞው ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ያንን ጉዞ ላልተጓዘ ሰው አይጠቅምም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ዊኬት ራሱ ዕልባት ሊደረግባቸው የሚችሉ አገናኞችን የሚሠራ ክፍል አለው። እንዲህ ያለው አገናኝ የገጹን ማንነትና የሚያስፈልጉትን መለያዎች፣ ለምሳሌ የኮርሱን ቁጥርና የትምህርት ዘመኑን፣ በአድራሻው ውስጥ ይይዛል። ሰርቨሩ ምንም ባያስታውስ እንኳ ገጹን ከእነዚህ እንደ አዲስ ይገነባዋል። ከባለሙያው የሚጠበቀው ገጹ ከቀደሙት ገጾች በሚቀበለው ነገር ላይ እንዳይመሠረት ማድረግና አጭር ስም መስጠት ነው። የስሙ ማጠር ለእኛ ተጨማሪ ጥቅም አለው። በዩቲኤፍ-8 አሠራር አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ በአድራሻ ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ባይት በ3 ምልክቶች ይጻፋል። ስለዚህ «ሁሩታ» የሚሉት ሦስት ፊደላት ተቀድተው ሲላኩ 27 ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ።

«ታዲያ ሁሉም ገጽ ዕልባት ይደረግበት?» የሚል ጥያቄ ቢነሣ መልሴ አይደለም ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት የሚታይበትን ገጽ እንውሰድ። የመጠየቂያው ቅጽ ቋሚ አድራሻ ሊኖረው ይገባል። የተማሪው መለያ ቁጥር ግን በአድራሻው ላይ መጻፍ የለበትም፤ አድራሻ በብራውዘሩ ታሪክና በሰርቨሩ መዝገብ ውስጥ ይቀራልና፣ በጋራ ኮምፒውተር ላይ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው ሊያየው ይችላል። እንዲሁም ገንዘብ መክፈልን ወይም መረጃ መሰረዝን የመሰለ ድርጊት አንድን አድራሻ በመክፈት ብቻ መፈጸም የለበትም። የሁሉም የሆነው ማስታወቂያ፣ የፈተና መርሐ ግብር ወይም የቤተ መጻሕፍት ዝርዝር ግን ያለ አድራሻ ሊቀር አይገባም።

ጉዳዩ ለእኛ ከሌላው ይበልጥ ይከብዳል። በሁሩታ ያለ ተማሪ መብራት በጠፋ ወይም ስልኩን ለወንድሙ ባስረከበ ቁጥር ከመነሻው ገጽ እንዲጀምር ከተገደደ፣ አንድ ማስታወቂያ ለማንበብ የአምስት ገጽ ዳታ ይከፍላል። አድራሻው የሚሠራ ከሆነ ግን አንዱ ያገኘውን መላው ክፍል በአንድ መልእክት ያገኘዋል። ቲም በርነርስ-ሊ እ.ኤ.አ. በ1998 ጥሩ አድራሻ የማይለወጥ መሆኑን አሳስቦ ነበር። ነገር ግን ሳይለወጥ እንዲቆይ አስቀድሞ አድራሻ መሆን አለበት።

ስለዚህ ነገ ድረ ገጽ የምትሠሩ ተማሪዎች አንዲት ፍተሻ ልማድ አድርጉ። የሠራችሁትን ገጽ አድራሻ ቀድታችሁ ገጹን ከፍቶት በማያውቅ ስልክ ላይ ክፈቱት። ያው ገጽ ከመጣ ሥራችሁ ተሟልቷል፤ ካልመጣ ገና አላለቀም።