ጠላትም የአዳም ልጅ ነው



በጦርነት ዘመን ሰው ሰውን ከመግደሉ አስቀድሞ ስሙን ይለውጥበታል። ኅሊናው ወንድምህን አትንካ ስለሚለው፥ ወንድሙን አውሬ፥ እባብ፥ አረም ብሎ ይሰይመዋል። ከዚያ ወዲያ እባብን መቀጥቀጥ፥ አረምን መንቀል ኃጢአት ሆኖ አይታየውም፤ ጠመንጃ የያዘውን ወታደርና ምጣድ የጣደችውን እናት መለየትም ይሳነዋል።

ይህን እኛ ኢትዮጵያውያን በደረሰብን መከራ አውቀነዋል። ፋሽስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ሕዝባችን አረመኔ ነው እያለች ለዓለም ታወራ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲጣልም፥ ቅጣቱ በጣዮቹ ላይ አልተወሰነም፤ በአዲስ አበባ ሦስት ቀን ሙሉ ሽማግሌና ሕፃን ሳይለይ ሕዝቡ ተጨፈጨፈ፥ ቤቱም ተቃጠለ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ።

ነገር ግን ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ በገቡ ጊዜ፥ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስና የጠላትን ጭካኔ እንዳይደግም አሳሰቡ። አርበኞቹ ለአገራቸው ነፃነት አምስት ዓመት ተዋግተዋል፤ አገርን መጠበቅ ሌላ፥ ጠላት ሰው መሆኑን መካድ ሌላ መሆኑ በዚህ ይታወቃል።

ትምህርቱ ግን ከዚያ እጅግ የቆየ ነው። በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው፥ ነቢዩ ኤልሳዕን ሊይዙ የመጡ የሶርያ ወታደሮች ዓይናቸው ታውሮ ወደ ሰማርያ ተመሩ። የእስራኤል ንጉሥ ልግደላቸውን ብሎ ቢጠይቅ፥ ነቢዩ አብልተህና አጠጥተህ ወደ ጌታቸው ስደዳቸው አለው። ብዙ መብል ተዘጋጀላቸው፤ በልተውም ሄዱ፤ አደጋ ጣዮችም ወደዚያች አገር መምጣትን ተዉ።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ በተደረገው ጦርነት፥ በአንዲት ጥምቀት የተጠመቁ ወንድማማቾች እንኳ በአውሬ ስም ሲጠራሩ ተሰምቷል። ያ ጦርነት በስምምነት ቢቆምም ቃሉ በየቤቱ ቀርቷል፤ ሕፃናትም ከአባቶቻቸው አፍ ለቅመው ይዘውታል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ በማዕድ ላይ ሌላውን ወገን በእንስሳ ስም ሲጠራ ብትሰሙ በዝምታ አትለፉት። ያ ሰው እናት የለውምን? ክርስቶስስ ስለ እርሱ አልተሰቀለምን? ብላችሁ ጠይቁት። ለሞቱትም ስትጸልዩ፥ በማዶው ወገን ልጇን ያጣችውን እናት አትርሱ።

ጠላቶቻችንን እንድንወድ ያዘዘን አምላክ ልቡናችንንና አንደበታችንን ይጠብቅልን። አሜን።