የእንግሊዝኛ ማዕዘን፦ ትንንሾቹ ቃላት የት ይቆማሉ?

ባለፉት እትሞች ሰላምታን፣ ቁጥርንና የቤት ዕቃ ስሞችን ስናይ ቆይተናል። ዛሬ አዲስ ቃል አንጨምርም። ዛሬ የምናነሣው፣ ቃላቱን እያወቅናቸው ዓረፍተ ነገሩ ለምን ተጣሞ እንደሚወጣብን ነው። «ዌይት» ማለት ጠብቅ፣ «ሚ» ማለት እኔን መሆኑን የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለንም። ሁለቱን አጋጥሞ «ዌይት ሚ» ሲል ግን ሰሚው ግር ይለዋል። የጎደለችው «ፎር» ናት፤ «ዌይት ፎር ሚ» ነው የሚባለው።

ይህ የሚመጣው ከስንፍና አይደለም፣ ከአማርኛችን ጠባይ ነው። አማርኛ «ጠብቀኝ» ሲል ግሱንም፣ ታዛዡንም፣ የሚጠበቀውንም ሰው በአንድ ቃል ጠቅልሎ ይይዛል። «ፈረደለት» እና «ፈረደበት»ን ተመልከቱ። የሰውዬው ዕድል የተለየው በ«ለ» እና በ«በ» ነው፤ ሁለቱም ያሉት በግሱ ሆድ ውስጥ ነው። እንግሊዝኛ ግሱን እንዲህ አይጭነውም። ግሱ ባዶውን ይሄዳል፣ መስተዋድዱ ይከተለዋል፣ ተውላጠ ስሙ ደግሞ ከመስተዋድዱ ኋላ ይቆማል። ዳኛው «ሩልድ ፎር ሂም» ከተባለ ፈረደለት፣ «ሩልድ አጌንስት ሂም» ከተባለ ፈረደበት ማለት ነው።

እግረ መንገዳችንን፣ እዚህ ኬንያ ገበያ ለገበያ ሲመላለሱ ስዋሂሊ ቶሎ ገብቷቸው እንግሊዝኛ እምቢ ያላቸው ሰዎች አሉ። አንዱ ምክንያት ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ስዋሂሊም እንደኛው በግሱ ውስጥ ይሸከማል። «ፒካ» አብስል ነው፣ «ኒፒኪኤ» ደግሞ አብስልልኝ። ፊት ላይ የመጣችው «ኒ» እኔን ታመለክታለች፣ መጨረሻ ላይ የተለወጠው ድምፅ የእኛን የ«ል»ን ሥራ ይሠራል። በእንግሊዝኛ ግን «ኩክ ፎር ሚ» ብሎ ሦስት ቃል መደርደር ግድ ነው።

ከመስተዋድድ በኋላ የሚቆመው ተውላጠ ስም መልኩን ይለውጣል። «አይ» የነበረው «ሚ»፣ «ሂ» የነበረው «ሂም»፣ «ሺ» «ኸር»፣ «ዊ» «አስ»፣ «ዘይ» ደግሞ «ዜም» ይሆናል። «ዩ» እና «ኢት» ብቻ አይለወጡም። ስለዚህ «ዊዝ ሂም» እንጂ «ዊዝ ሂ» አይባልም። «ቢትዊን ዩ ኤንድ ሚ» ላይ ሲደርሱ እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎች እንኳ «አይ» እያሉ ይሳሳታሉ፤ እናንተ ብትሳሳቱ አይግረማችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ትንሿ ቃል ስትቀር ንግግሩ ዝም ብሎ አስቀያሚ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ ነበር። አንዳንዴ ግን ታሪኩ ራሱ ይለወጣል። «ዘይ አስክድ ሚ» ማለት ጠየቁኝ፣ ፊት ለፊት አግኝተው ጥያቄ አቀረቡልኝ ማለት ነው። «ዘይ አስክድ ፎር ሚ» ማለት ግን «የታለ? ጥሩልን» ብለው ፈለጉኝ ማለት ነው፤ እኔ እዚያ ላልኖር እችላለሁ። «ዘይ አስክድ አባውት ሚ» ደግሞ ስለ እኔ ሌላ ሰው ጠየቁ ነው። እስቲ አስቡት፤ ወታደሮች እናቱ ቤት መጥተው የፈለጉት፣ እሱ ግን ቀድሞ የወጣ ሰው «ዘይ አስክድ ሚ» ብሎ ቢናገር፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ታዲያ ምን ብለህ መለስክላቸው? እንዴትስ ለቀቁህ?» ነው። ሰውዬው «አላገኙኝም እኮ!» ይላል። እውነቱን ነው፤ ወረቀቱ ላይ ግን የተለያዩ ሁለት ቃሎች ሰፈሩ።

«ተኮሱበት» እና «መቱት»ም እንዲሁ ናቸው። «ዘይ ሾት አት ሂም» ማለት ወደ እሱ ተኮሱ ነው፤ ጥይቱ አግኝቶት ወይም ስቶት ሊሆን ይችላል። «ዘይ ሾት ሂም» ግን ጥይቱ አግኝቶታል፣ ቆስሏል ወይም ሞቷል። «አት» ብትቀር ያመለጠ ወንድም የተመታ ይሆናል ማለት ነው።

ስለዚህ በስደተኝነት ጉዳይ ቃለ መጠይቅ ላይ አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ መሆኑን አትርሱ። እንግሊዝኛ ትንሽ እሞክራለሁ የሚል ሰው እዚያ ቦታ ባይሞክር እንመርጣለን፤ መለማመጃው ሌላ ቦታ ሞልቷል። በአማርኛ ስትናገሩም «ጠየቁኝ» ብላችሁ አትለፉት፤ እኛም ቋንቋ ውስጥ እኮ ሁለት ትርጉም ሊሰጥ ይችላል። «ቤት መጥተው ፈለጉኝ፣ እኔ አልነበርኩም» ብላችሁ ዘርዝሩት። የሰጣችሁት ቃል ሲነበብላችሁ ደግሞ ጆሯችሁ «ፎር»ን፣ «አት»ን፣ «ዊዝ»ንና «ዊዝአውት»ን ይያዝ። «ሂ ሌፍት ዊዝ ሚ» ከእኔ ጋር ወጣ ነው፤ «ሂ ሌፍት ዊዝአውት ሚ» ጥሎኝ ሄደ። የተሳሳተ ነገር ከሰማችሁ እዚያው «ይታረምልኝ» በሉ።

ክሊኒክ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እኛ «አመመኝ፣ ራበኝ፣ በረደኝ» ስንል ሕመሙና ረሃቡ እኛን የያዘን ነው። በእንግሊዝኛ ባለቤቱ ሰውዬው ራሱ ይሆናል፦ «አይ አም ሲክ»፣ «አይ አም ሃንግሪ»፣ «አይ አም ኮልድ»። ሆዴን አመመኝ ለማለት «ማይ ስተመክ ኸርትስ» ይበቃል። «ካርዴ ጠፋብኝ»ም «አይ ሎስት ማይ ካርድ» ነው፤ ካርዱ ባለቤትነቱን ለእኛ ይለቃል። «ልጄ ሞተብኝ» የሚለውን የሐዘን «ብኝ» ግን እንግሊዝኛ የሚይዝበት ቃል የለውም። «ኦን ሚ» ብሎ መጨመር ለሰሚው ቀልድ ይመስለዋል፤ ስለ ተበላሸ ስልክ የሚሉት ነው። «አይ ሎስት ማይ ቻይልድ» ይባላል።

አክብሮታችንም ያደናግራል። «እናቴ ታመዋል፣ ሌሊቱን ሲያስመልሳቸው አደረ» የሚል ልጅ፣ በአንቱታ የለመደውን ይዞ «ዘይ አር ሲክ» ሊል ይችላል። ነርሷ የምትሰማው ብዙ ሰዎች ታመዋል ብላ ነው። የአንድ ቤት ሰው ሁሉ አስመለሰው ማለትና አንዲት እናት ታመሙ ማለት ለክሊኒክ የተለያየ ነገር ነው፤ የመጀመሪያው ከሆነ ውሃውና ምግቡ ይመረመራል። ለእናት «ሺ»፣ ለአባት «ሂ» በሉ፤ ክብራቸው አይቀንስም። «ዩ»ም ለአንተ፣ ለአንቺ፣ ለእርስዎና ለእናንተ አንድ ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረም፤ ለአንድ ሰው «ዛው» የሚል ቃል ነበራቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ሞልቷል። ቀስ በቀስ ከዕለት ንግግር ጠፋና ሁሉም «ዩ» ሆነ፤ እኛ አንቱታን ጥለን ሁሉን አንተ ብንል እንደማለት ሳይሆን፣ ሁሉን አንቱ ብንል እንደማለት ነው።

መስተዋድዱ ሲለወጥ ግሱም ሌላ ግስ ይሆናል። «ሉክ አት» ተመልከት፣ «ሉክ ፎር» ፈልግ፣ «ሉክ አፍተር» ተንከባከብ ነው። «ማይ ኔበር ኢዝ ሉኪንግ አፍተር ማይ ቻይልድ» ያለች እናት ልጇን ጎረቤት እየጠበቀችላት ነው፤ «ሉኪንግ ፎር» ካለች ግን ልጁ ጠፍቷል፣ ሰውም ለፍለጋ ይነሣል። አንዳንድ ግሶች ደግሞ ምንም አይፈልጉም፦ «ቴል ሚ»፣ «ሄልፕ ሚ»፣ «አንሰር ሚ»። ነገረኝ «ሂ ቶልድ ሚ» ሲሆን፣ አለኝ ግን «ሂ ሴድ ቱ ሚ» ነው። ለምን? ብላችሁ ብትጠይቁን የምንሰጣችሁ ሕግ የለንም፤ አብሮ ተለምዶ ነው። ደብተራችሁ ላይ «ሉክ» ብላችሁ ለብቻው አትጻፉት፣ «ሉክ ፎር ሂም» ብላችሁ ከነጓዙ ጻፉት።

አንድ የመጨረሻ ጠማማ ነገር አለ። ፎርም ሙላ «ፊል ኢን ዘ ፎርም» ነው። ፎርሙን በ«ኢት» ስንተካው ግን «ኢት» መሃል ትገባለች፦ «ፊል ኢት ኢን»። «ፒክ ኢት አፕ»ም እንዲሁ ነው። «ሉክ ፎር ኢት» ላይ ግን መሃል አትገባም።

ለልምምድ እነዚህን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ፦ ጠብቂን። እናቴ ከእኔ ጋር አልመጡም። ካርዷ ጠፋባት። ጫማህን አንሣው። ወንድሜን ቤት ድረስ መጥተው ፈለጉት። መልሱን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን።