ባዶ ያላችሁት ሜዳ

በቡድን ሆነው፣ አመሻሹ ላይ፣ በተራራ ብስክሌት ገጠር ለገጠር የሚጓዙ ወጣቶች የሚጽፉትን ማስታወሻ አዘውትሬ አነባለሁ። መውጣታቸውን እወድላቸዋለሁ፤ እኔም ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ በሚወስደው አቀበትና ቁልቁለት አብሬያቸው ላቤን አፍስሻለሁና ጠቤ ከብስክሌቱ ጋር አይደለም። ጠቤ ከአንዲት ቃል ጋር ነው። በየማስታወሻው ተደጋግማ ትመጣለች፦ «ባዶ»። ባዶ ሜዳ፣ ባዶ መንገድ፣ «ማንም የሌለበት ጸጥታ»።

ማንም የሌለበት? በዚያ ሰዓት?

አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። በአዲስ አበባ ዙሪያ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ድንግዝግዙም ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይጨልማል። የአውሮፓ በጋ የሚያድለው ዓይነት ረጅም ምሽት የለንም። ስለዚህ የገጠር ሰው ከጨለማ በፊት ሊጨርሰው የሚገባው ሥራ ሁሉ በዚያች አጭር ጊዜ ይጨናነቃል። ከብት ወደ በረት ይገባል፣ ጥጃ ይታሰራል፣ ላም ትታለባለች። ልጆች ውኃ ተሸክመው ይመለሳሉ። ገበያ የዋለው አህያውን እየነዳ ይቸኩላል። ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል የተሸከመች ሴት ጎንበስ ብላ ትወርዳለች፤ ሸክሟ ከጀርባዋ ግራና ቀኝ ስለሚዘረጋ የቀጭኗን መንገድ ስፋት በሙሉ ትይዛለች፤ ቀና ብላ ማየትም አትችልም። እኛ እንግዲህ ሰው በመንገድ ላይ የሚበዛበትን ሰዓት መርጠን ወጥተን፣ ስንመለስ «ባዶ ነበር» ብለን እንጽፋለን።

ነገሩ የቃላት ምርጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዝምታ ባለፍኩት ነበር። ነገር ግን ባዶ ነው ብሎ የሚጽፍ ሰው ባዶ እንደሆነ አድርጎ ይነዳል። አሥር አሥራ አምስት ብስክሌት በተርታ ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ በየራስ ቁሩ ላይ የታሰረው መብራት 1000 ሉመንና ከዚያም በላይ ሲረጭ፣ ያቺ ሴት የምታየው ብስክሌት አይደለም፤ ዓይን የሚያጠፋ ነጭ ነገር ነው። ትቆማለች። ወደ ጠርዙ ትጠጋለች። እኛም «እናመሰግናለን!» ብለን እንደ ነፋስ እናልፋለን። ሸክም አዝሎ ቁልቁለት ላይ መቆም፣ ከቆሙም በኋላ እንደገና መራመድ ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ የተሸከመ ያውቀዋል። እኛን መቆም የሚያስከፍለን ፍሬን የሚይዙ የሁለት ጣቶች ጉልበት ነው።

«ስፖርቱ ራሱ እንዲህ ነው» የሚል መልስ ሰምቻለሁ። አይደለም። የተራራ ብስክሌት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ፣ ማሪን በሚባለው አውራጃ በታማልፓይስ ተራራ ዙሪያ ሲወለድ፣ ብዙም ሳይቆይ ከእግረኞችና ከፈረሰኞች ጋር ተጣልቷል። ከጠቡም ደንብ ወጣ። በዚያ ተራራ ብስክሌት የሚፈቀድባቸው መንገዶች ላይ ፍጥነቱ በሰዓት ከ15 ማይል፣ ማለትም ከ24 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አይበልጥም፤ ሰው አጠገብ ሲደርስና በማያሳይ ኩርባ ላይ ደግሞ ወደ 5 ማይል ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1988 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የተራራ ብስክሌት ማኅበርም ብስክሌተኛ ለእግረኛና ለፈረስ መንገድ ይልቀቅ ይላል። ልብ በሉ፤ እዚያ መንገድ የሚለቀቅለት እግረኛ በአብዛኛው እንደ ብስክሌተኛው ለመዝናናት የወጣ ነው። እኛ ብስክሌቱን አስመጣን፤ ደንቡን ጉምሩክ ላይ የረሳነው ይመስላል።

ደግሞስ ያቺን ቀጭን መንገድ ማን ሠራት? «ሲንግል ትራክ» እያልን የምናሞግሳት፣ ጎማ ሲነካት የሚዘፍንላት የምትመስለዋ መንገድ መሐንዲስ አላየችም። እግር ነው የሠራት። ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ የሚገባው ዋና መንገድ በሱሉልታ ያልፋል፤ ከዋናው ግራና ቀኝ የሚገነጠሉትን ቀጫጭኖች ደግሞ የረገጧቸው እረኛው፣ ውኃ ቀጂዋ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገሰግሱ ሽማግሌዎች ናቸው። ሰው በሌለበት እንዲህ ያለ መንገድ አይኖርም። የምንነዳበት መንገድ መኖሩ ራሱ «ባዶ» የሚለውን ቃላችንን ያስተባብለዋል። ይህም ሆኖ ኋላ ጎማውን እየቆለፍን በማንሸራተት የምንተወው ቦይ ክረምት ሲገባ ውኃ መውረጃ ሆኖ ይሰፋል፤ ጭቃውን የሚረግጡት ግን እነርሱ ናቸው።

ፍጥነት ያማረው ሌላ ስፍራ አለው። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ለብስክሌት የተለየ መንገድ ይዞ ነው የተከፈተው። በሰው መንገድ ለመሄድ የመረጠ ግን መብራቱን ወደ መሬት ይድፋ፤ ሸክም ወይም ከብት ሲያይ ይውረድ፤ «አካም» ብሎ ሰላምታ ለመስጠትም ምላሱን ያለማምድ። ሱሉልታ ላይ «እናመሰግናለን» ብሎ ከመሮጥ ይሻላል።

ለምትጽፉት ደግሞ፦ በሚቀጥለው ማስታወሻችሁ ስንት ኪሎ ሜትር እንደነዳችሁና ስንት ሜትር እንደወጣችሁ አትንገሩን፤ እርሱን መሣሪያው ይመዘግብላችኋል። ማን መንገድ እንደለቀቀላችሁ፣ ምን ተሸክሞ እንደነበረ፣ ምን እንዳላችሁ ጻፉልን።