የታጠበ ፊት

የአያቴን የአንገት ንቅሳት ዕድሜ ልካቸውን ፀሐይም ሳሙናም አላለቀቀውም፤ አንድ ፎቶ ቤት ግን በአንድ ከሰዓት አጥፍቶት መለሰልኝ። «አጽድተንልሃል» አሉኝ በኩራት።

ጠቤ ከዚህች «ማጽዳት» ከምትባል ቃል ጋር ነው።

ፎቶውን ያነሣሁት መብራት በጠፋበት ምሽት፣ በአንዲት ሻማ ብርሃን፣ የካሜራዬን አይ ኤስ ኦ 3200 አድርሼ ነበር። ምስሉን ቀይና አረንጓዴ ነቁጣ፣ የፎቶ ሰዎች ኖይዝ የሚሉት፣ ወርሮት ነበር፤ አልክድም። አያቴ ካረፉ በኋላ ግን ከዚያ የቀረበ ምስል አልነበረንምና ለሙት ዓመታቸው እንዲታተም ሰጠሁት። የተመለሰልኝ ፊት እንደ ተወለወለ ሸክላ ያብለጨልጫል። የግንባራቸው መስመር የለም። የነጠላቸው ድርና ማግ ተጣብቆ ሊጥ መስሏል።

ለመሆኑ የጸዳው ምን ነበር? ኖይዝ ሌንስ ላይ ያረፈ አቧራ አይደለም። ብርሃን እንደ ካፊያ በቅንጣት በቅንጣት ሳይስተካከል ይወርዳልና፣ አንዱ የምስል ነጥብ በአማካይ 100 ቅንጣት ሲደርሰው ልኩ 10 ያህል ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከመቶ 10 እጅ መሆኑ ነው። 10,000 ሲደርሰው ግን መዋዠቁ 100 ያህል፣ ከመቶ 1 እጅ ብቻ ይሆናል። በዚያች ምሽት የጎደለው ብርሃን ነው። የጎደለ ነገር ደግሞ አይጠረግም፤ ይገመታል።

ተራው ዘዴ እያንዳንዱን ነጥብ ከጎረቤቶቹ ጋር አማካይ ያደርጋል፤ መጨማደድም፣ ንቅሳትም፣ ፈትልም ለእርሱ ከጎረቤት ያፈነገጠ ነጥብ ነው። «ዛሬማ ተሻሽሏል» ይሉኛል። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ቡአዴስ፣ ኮልና ሞሬል የተባሉ ተመራማሪዎች ጎረቤትን ትቶ በምስሉ ውስጥ አምሳያውን የሚፈልግ ዘዴ አቀረቡ። አምሳያ የሌለውንስ? ወይ ከነኖይዙ ይተወዋል፤ ወይ ከማይመስለው ጋር ያደባልቀዋል። ላይትሩም እ.ኤ.አ. በ2023 ያመጣው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ መሣሪያም ከሌሎች ምስሎች በተማረው ይገምታል። ግምቱ ብዙ ጊዜ ያማረ ነው፤ እኔ ግን ያማረ ሴት አልጠፋችብኝም፤ የጠፉብኝ አያቴ ናቸው።

ኖይዝ ይከበር ማለቴ አይደለም። የቀለሙን ነቁጣ ያለ ርኅራኄ ቀንሱ፤ ዐይናችን የቀለምን ዝርዝር እንደ ብርሃንና ጥላ አጥርቶ ስለማያይ ጉዳቱ ጥቂት ነው። የብርሃኑን ነቁጣ ስትነኩ ግን እጃችሁ ይፍራ። ምስሉን በስክሪን ላይ አራት እጥፍ አጉልቶ በእያንዳንዱ ነጥብ መሸበርም (የፎቶ ቤቱ ልጅ የሚያደርገው ይህንኑ ነው) ከንቱ ነው፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ሰው ቆሞ ነው የሚያየው።

ዋናውን ፋይል ስላልጣልኩት ራሴ ሠራሁት፤ ቀለሙን አረጋጋሁ፣ የቀረውን ሻካራነት ተውኩ፣ ሌላ ቦታ አሳተምኩ። አክስቴ ሙት ዓመቱ ዕለት ቀርባ ጣቷን በመስታወቱ ላይ አኖረችና የንቅሳቱን መስመሮች ቆጠረች። ሦስት ናቸው፤ ሦስተኛው በግድ ነው የሚታየው።