ሙሽራዋ ምን ዓይነት ፀጉር ትሠራ?

የጥር ሠርግ ሲቃረብ በየቤቱ ስለ ሙሽራዋ ፀጉር ክርክር ይነሳል። እናት ለሠርጉ ፔስትራ ሆኖ ወደ ላይ ይያዝ ትላለች፤ አያት ደግሞ ለመልሱ ሹሩባ ካልሆነ ይላሉ። ሁለቱም ያምራል። እኔን የሚያሳስበኝ በሠርጉ ሳምንት ሪላክሰር የተቀባ ፀጉር ለመልሱ ጠብቆ ሲሠራ ነው።

ሪላክሰር ፀጉርን ያደክማል። በዚያ ላይ ጥብቅ ሹሩባ ወይም ከባድ ሂውማን ሄር ሲጨመርበት በግንባር ዳርና ከጆሮ በላይ ያለው ስስ ፀጉር ይበጠሳል፤ ከሥሩም ይነቀላል። ጉተታው ቶሎ ከቆመ ተመልሶ ይበቅላል። ለዓመታት ከተደጋገመ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆንና አይመለስም። በነርስነት ዘመኔ በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ሆነው ግንባራቸው የሸሸ ሴቶች አይቻለሁ።

ስለዚህ ሪላክሰር የግድ ከሆነ ከሠርጉ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ይቀባ። የራስ ቆዳዋ ላይ ቁስል ካለ ጨርሶ ይቅር። ሹሩባ ስትሠራ የግንባሯ ዳር ላላ ይበል፤ ሠሪዋን «አላልተሽ ያዥው» ማለት ነውር አይደለም።

ተሠርታ ስትመጣ ራሷን ካመማት ወይም በፀጉሯ ዳር ትናንሽ ቡግሮች ከወጡ፣ ማስታገሻ ሰጥታችሁ «ለአንድ ቀን ነው፣ ቻይው» አትበሏት። ወዲያው ይፈታ።

አያቶች ሆይ፣ ሹሩባው ይቅር አላልኩም። መልሱ ሲያልፍ ግን እናንተው ፍቱላት፤ ፀጉሯም ጥቂት ሳምንታት ይረፍ።