ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው ጅብ

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» አለ ይባላል። ይህን ተረት ያልሰማ፣ ሰምቶም ያልሳቀ ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። እስቲ ግን ከሳቁ በኋላ አንድ አፍታ ቆም እንበል። መሽቷል። እንግዳው ደጃፍ ላይ ቆሟል። ባለቤቶቹ ደጎች ናቸው፤ ማን እንደሆነ ግን አያውቁም። እሱም ጨዋ ነው፤ የጠየቀው መተኛ ቁርበት ብቻ ነው። ያነጥፉለታል። መብራቱ ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ምን እንደሚሆን ተረቱ አይነግረንም፤ መንገርም አያስፈልገውም። ሳቃችን ሳያልቅ ጀርባችንን አንዳች ነገር ይነዝረናል።

እነሆ አስቂኝም አስፈሪም አጭር ታሪክ፣ ያውም በአንድ ዓረፍተ ነገር! ደራሲው ዛሬ በሕይወት ኖሮ ታሪኩን ይዞ ወደ አንድ የመጽሔት ዝግጅት ክፍል ቢሄድ ግን «ወንድሜ፣ እኛ የምናትመው ቁም ነገር ነው» ተብሎ እንደሚመለስ አልጠራጠርም።

እኔን እንዲህ ብለው መልሰውኛል። ያቀረብኩት ታሪክ መታወቂያ ለማሳደስ ወረፋ ስለያዘ አንድ የሞተ ሰው ነበር። ተራው ሲደርስ «አንተ ሞተሃል፤ መታወቂያ አይታደስልህም» ይሉታል። «እንግዲያውስ የሞት የምስክር ወረቀት ስጡኝ» ሲል ደግሞ «የታደሰ መታወቂያ ሳትይዝ አናስተናግድም» ይባላል። አዘጋጁ ሲያነቡት ሲስቁ በዓይኔ አይቻለሁ። ስቀው ሲያበቁ ፊታቸውን ከስከስ አድርገው ወረቀቱን መለሱልኝ። ቅር ያሰኘኝ መመለሱ አይደለም፤ ታሪኩ ደካማ ሊሆን ይችላል። ቅር ያሰኘኝ ምክንያቱ ነው። ይህንኑ ምክንያት ከብዙ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች አፍ ደጋግሜ ስለሰማሁት ዛሬ ፊት ለፊት ልሞግተው ተነሥቻለሁ።

የመጀመሪያው ክስ «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ነው። ጅቡን ታዲያ ማን አመጣው? ቀን ሰው ሆኖ የሚውለውን፣ ማታ ጅብ ሆኖ የሚወጣውን ቡዳ የትኛው ፈረንጅ አስተማረን? ደግሞስ ከባሕር ማዶ የመጣ ሁሉ ባዕድ ከሆነ፣ ዛሬ በኩራት የምንጠራበትን ስም የሰጠን የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1900 ዓ.ም. የታተመው ሮም ላይ አይደለምን? በሮም ማተሚያ ቤት በኩል የመጣውን ቅርጽ የራሳችን አድርገን ስናበቃ፣ ከአያቶቻችን ምድጃ ዳር የተነሣውን ጅብ «አናውቅህም» ማለት ምን ይሉታል?

ሁለተኛው ክስ «ቧልት ነው፤ የልጆች ነው» ይላል። ደብሊው ደብሊው ጃኮብስ የተባለው እንግሊዛዊ በዘመኑ የታወቀው ስለ መርከበኞችና ስለ ወደብ ሰዎች በሚጽፋቸው አስቂኝ ታሪኮች ነበር። ይኸው ቀልደኛ እ.ኤ.አ. በ1902 «የጦጣ መዳፍ» የተሰኘች አጭር ታሪክ አወጣ። አንድ ሽማግሌ ሦስት ምኞት የምትሞላ የደረቀች የጦጣ መዳፍ እጁ ይገባል። ልጁ እየቀለደ «ሁለት መቶ ፓውንድ ተመኝ» ይለዋል፤ ይመኛል። በማግስቱ ከልጁ ፋብሪካ አንድ ደህና የለበሰ ሰው ይመጣል። ልጁ በማሽን ተይዞ ሞቷል፤ ድርጅቱ በኃላፊነት አይጠየቅም፤ ነገር ግን ላገለገለው አገልግሎት ለወላጆቹ ትንሽ ገንዘብ መድቧል። ስንት? ሁለት መቶ ፓውንድ። ይህን ለመጻፍ ቀልደኛ መሆን ያስፈልግ ነበር። ቀልድና ፍርሃት አሠራራቸው አንድ ነውና፤ ያዘናጋሉ፣ ጊዜ ይጠብቃሉ፣ ባልተጠበቀው በኩል ይመታሉ።

ሃያሲው ቢንቀው ሳንሱር አልናቀውም። ሚኻይል ቡልጋኮቭ እ.ኤ.አ. በ1925 «የውሻ ልብ» የተባለ ታሪክ ጻፈ። በቀዶ ሕክምና የሰው ዕጢ የተተከለለት የመንገድ ውሻ ሰው ሆኖ፣ ሹመት አግኝቶ፣ የከተማዋን ድመቶች የሚያስለቅም ባለሥልጣን ይሆናል። በማግሥቱ ዓመት የጸጥታ ሰዎች የደራሲውን ቤት ፈትሸው ረቂቁን ወሰዱት። መጽሐፉ በገዛ አገሩ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፤ ደራሲው ከሞተ ከ47 ዓመት በኋላ። ስለ ውሻ የተጻፈ ቧልት ይህን ያህል ዘመን በር የሚዘጋበት ለምን ይመስላችኋል?

ሦስተኛው ክስ ከበድ ያለ ነው፤ አከብረዋለሁም። «እውነተኛውን ሽብር ላየ ሕዝብ የፈጠራ ሽብር ምን ያደርግለታል? ያውም እየሳቁ!» ይላሉ። እኔ ያን ዘመን አልደረስኩበትም። ነገር ግን በአንድ ለቅሶ ቤት፣ ሣልስት ካለፈ በኋላ፣ ካርታ ተይዞ ጨዋታ በደራበት ሰዓት፣ አንዲት የሰፈራችን እናት የሚከተለውን ሲያወጉ ሰምቻለሁ። በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር የተገደለባቸውን ልጅ አስከሬን ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ ክፈሉ ተባሉ። ገንዘቡን ቆጥረው ሰጡና «ደረሰኝ ስጠኝ» አሉት ሰውየውን። እሱም ጥራዙን ሊፈልግ ተነሣ። ለቀስተኛው ሁሉ ሳቀ፤ ወዲያውም ጸጥ አለ። ከጃኮብስ ሁለት መቶ ፓውንድ ጋር የሚያመሳስለውን እኔ ልነግራችሁ አያስፈልግም። እኒህ እናት ሽብርን ስለማያውቁ ነው የሳቁት የሚል ካለ ይምጣ።

ስታኒስላቭ ሌምም ያውቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 ልቮቭ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ፣ የናዚን ወረራ በሐሰተኛ ወረቀት ያመለጠ ሰው ነው። ከጦርነቱ በኋላ በኮሚኒስቷ ፖላንድ የጻፈው ግን ስለ ሮቦቶች የሚያስቁ ተረቶችን ነው። በአንደኛው ውስጥ ትሩርል የተባለ ሠሪ ባለ ስምንት ፎቅ የምታስብ ማሽን ይሠራል። ሁለትና ሁለት ስንት ነው ሲላት «ሰባት» ትላለች። ቢያርማት እምቢ፤ ቢረግጣት እምቢ። በመጨረሻ ከመሠረቷ ተነቅላ ሠሪዋንና ወዳጁን ታሳድዳለች፤ የተሸሸጉበትን ከተማ ታፈርሳለች፤ የምትፈልገውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰባት ነው ብለው እንዲያምኑላት። በግዴታ ስብሰባ ተቀምጦ ላላመነበት ነገር ያጨበጨበ የአገሬ ሰው ይህን ተረት ሲሰማ ማብራሪያ ይጠይቃል?

ለነገሩ ወቀሳው ለአዘጋጆች ብቻ አይደለም፤ ለእኛ ለጸሐፊዎቹም አለን። በበረዶ የተሸፈነ ግንብ፣ ደም የሚመጥ መስፍን፣ ስማቸው ምላስ የሚያስር ሰዎች እየገለበጥን «አስፈሪ ልብ ወለድ» ስንል ክሱን በራሳችን እጅ እናጸድቃለን። የኛ መንፈስ ሊፍት ሳይገጠምለት የቀረውን ኮንዶሚኒየም ደረጃ እያለከለከ ይውጣ። የኛም ማሽን «ሲስተም የለም» እያለች ሰው ታመላልስ። አንባቢ የሚፈራው የሚያውቀውን ነው፤ የሚስቀውም በሚያውቀው ነው።

አዘጋጆች ሆይ! በወር አንድ ገጽ ብቻ ስጡን። ደካማውን ጣሉት፤ ሲጣል «ደካማ ነው» በሉን እንጂ «ቁም ነገር አይደለም» አትበሉን። ፋብሪካው የላከው ሰው ደህና ለብሶ ነበር፤ ጥራዝ የሚፈልገውም ሰው ሥራውን በሥርዓት ነበር የሚሠራው። ክፉ ነገር ሲመጣ ሁልጊዜ ጥርሱን እያሳየ አይመጣም፤ አንኳኩቶ፣ እጅ ነስቶ፣ ቁርበት ይጠይቃል። ማን መሆኑን መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት የሚነግረን ታሪክ ከዚህ የበለጠ ምን ቁም ነገር ይኑረው?