ጫካ ባዶ መሬት ነውን?

በአንድ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካርታ አይተን ነበር። እርሻው ቢጫ፥ ከተማው ቀይ ቀለም ተቀብቷል፤ ጫካው ግን እንደ ነጭ ወረቀት ሆኖ ቀርቷል። ምክንያቱን ብንጠይቅ፥ «እሱማ ገና ባዶ መሬት ነው» ተባልን። መልሱን የሰጡን ሰው ትሑትና ትጉህ ሠራተኛ ነበሩ፤ ቡና አስመጥተውም ጋበዙን። ስለዚህ ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው በእኒያ ሰው ላይ ሳይሆን «ባዶ» በሚለው ቃል ላይ ነው።

ስለ ጫካ መመንጠር በተነገረ ቁጥር ወቀሳው የሚወርደው መጥረቢያ በያዘው ገበሬ ላይ ነው። እኛ ተምረናል የምንለው ሰዎች በዚህ ነገር እጃችን ንጹሕ መስሎ ይታየናል። ነገር ግን ገበሬው መጥረቢያውን ከማንሣቱ በፊት በወረቀት ላይ ያ ቦታ ባዶ ነው ተብሎ ተጽፎ ነበር። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ ከወሎ፥ ከትግራይና ከሸዋ እየተነሡ ወደ ኢሉባቦር፥ ወደ ከፋ፥ ወደ ወለጋና ወደ ሌሎችም ምዕራባዊ አገሮች የተወሰዱትን ወገኖቻችንን እናስታውስ። በሁለት ዓመት ውስጥ ቍጥራቸው ወደ 600 ሺህ ተጠግቶ ነበር። እነዚያ ሰዎች ጫካውን የመነጠሩት ክፉ ስለ ሆኑ አይደለም፤ ራብ ያሳደዳቸው ነበሩ፤ የተሰጣቸውም መሬት ማንም የሌለበት ነው ተብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ራብ ያላሳደዳቸው ባለሀብቶች በዚያው ቃል ተመርተው ገብተዋል።

እንግዲህ ባዶ የተባለውን ቦታ ገብተን እንየው። በከፋ፥ በሸካና በኢሉባቦር ጫካ ቀረሮው ከላይ ጥላውን ይዘረጋል፤ ከሥሩ ማንም ያልተከለው ቡና ይበቅላል፤ ከቡናው አጠገብ ኮረሪማው፥ በዛፉ ግንድ ላይ የሚጠመጠመው ጥምዝ፥ በቅርንጫፉ ላይ ቀፎ፥ ከቀፎው በላይ ጉሬዛ አለ። የዚያ አገር ሰው ቀፎውን የሰቀለበትን ዛፍ ከአባቱ የወረሰው እንደ ሆነ ይነግራችኋል። ባለቤት ያለው፥ ወራሽ ያለው፥ መከሩም በየዓመቱ የሚሰበሰብ መሬት በምን ሚዛን ተመዝኖ ባዶ እንደ ተባለ እኛ አልገባንም።

ነገሩን ይልቁንም በቡናው እንመርምረው፤ የአገራችን ጓዳ የሚሞላው በእርሱ ነውና። ከእኛ ጫካ ወጥቶ በየመን በኩል ዓለምን ያዳረሰው ቡና ከጥቂት ዛፎች የተራባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1706 ከጃቫ ወደ አምስተርዳም የአትክልት ስፍራ የተወሰደው አንድ ተክል ዘሩ እ.ኤ.አ. በ1714 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ተሰጠ፤ ከአሜሪካ ቡና ብዙው የዚያ ተክል ልጅና የልጅ ልጅ ነው። እንዲህ ያለ የአንድ ቤት ዘር አንድ በሽታ የመጣበት እንደ ሆነ አንዱን የጣለው ሁሉንም ይጥላል። እ.ኤ.አ. በ1869 በሲሎን የታየው የቡና ቅጠል ዋግ በሃያ ዓመት ውስጥ የዚያችን ደሴት ቡና አጥፍቶ ሕዝቡን ሻይ ተካይ አድርጎታል።

ለእኛም ቀን መጥቶብን ነበር። ፍሬውን ገና እንጭጭ ሳለ እያጠቆረ የሚያደርቀው በሽታ ቀድሞ በኬንያ የታወቀ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ወደ አገራችን ገባ። ኬንያ በመድኃኒት ርጭት ስትከላከል ኖራለች፤ የእኛ ገበሬ ግን የመድኃኒቱን ዋጋ ከየት ያመጣል? የጅማ ምርምር ሰዎች ያደረጉት ሌላ ነው። ወደ ጫካ ገቡ። በበሽታው መካከል ሳይነካ የቆመውን ዛፍ እየፈለጉ ዘሩን ሰበሰቡ። ዛሬ ገበሬው 74110 እና 74112 እያለ በቍጥር የሚጠራቸው የቡና ዐይነቶች ከኢሉባቦር ከመቱ አካባቢ ከቢሻሪ የተገኙ ናቸው፤ በስማቸው መጀመሪያ ላይ ያለው 74 የተመረጡበት ዓመት፥ ይኸውም እ.ኤ.አ. 1974 ነው። አምስት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ተፈትነው ለገበሬው ታደሉ። ያ ጫካ ከዚያ በፊት ባዶ ነው ተብሎ ተመንጥሮ ቢሆን ኖሮ፥ ያች ዛፍ ለማገዶ ሄዳ፥ እኛም እንደ ሲሎን ሰዎች ምን እንደምንተክል ስንመካከር በተገኘን ነበር። በሽታውን የምትችለው ዛፍ ግንባሯ ላይ ምልክት የላትም፤ በሽታው እስኪመጣ ድረስ ከሌላው ቡና አትለይም። የሚመጣውን በሽታ የምትችለው የትኛዋ እንደ ሆነች ዛሬ የሚያውቅ የለም።

«የቈረጥነውን መልሰን እንተክላለን» የሚሉ አሉ። ችግኝ መትከልን አንነቅፍም፤ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ በተባለ ጊዜ እኛም ጭቃ ነክተናል። ባሕር ዛፍም ቢሆን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራልያ ባይመጣ ኖሮ አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ ሳትፈታ አትቀርም ነበር። ነገር ግን ችግኝና ጫካ አንድ ነገር አይደሉም፤ ጡብና ቤተ መንግሥት አንድ እንዳልሆኑ ሁሉ። የጌተምን ዛፍ እንመልከት። የደቡብ ምዕራቡ ነጭ ማር የሚገኘው ከእርሱ አበባ ነው። ይህ ዛፍ ብዙውን ጊዜ ከመሬት አይጀምርም፤ ዘሩ በሽማግሌ ዛፍ ቅርንጫፍ መጋጠሚያ ላይ ወድቆ እዚያው ይበቅልና ሥሩን ቀስ በቀስ ወደ ምድር ይሰድዳል። ሽማግሌውን ዛፍ ቈርጦ ሺህ ችግኝ የተከለ ሰው ለጌተም ማደሪያ፥ ለንብም ቀፎ መስቀያ አላዘጋጀም። ሪፖርቱ ግን አንድ ተቈርጦ ሺህ ተተከለ ይላል፤ በሒሳቡ ትርፍ አለ፤ ማሩ የለም።

ሌሎች ደግሞ «ዘሩን በጎተራ አኑረናል» ይላሉ። ስንዴውና ገብሱ ደርቆ በብርድ ቤት ብዙ ዘመን ይቀመጣል፤ የቡና ዘር ግን እንዲህ ያለውን ኑሮ አይችልም። ስለዚህ በጅማ አገር በጮጬ በሕይወቱ ተተክሎ ይጠበቃል። ሥራው የሚያስመሰግን ነው፤ ሆኖም አጥር የተሰበሰበውን እንጂ ያልተሰበሰበውን አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት በዓለም ከታወቁት 124 የቡና ዝርያዎች 75ቱ ለመጥፋት እንደ ቀረቡ ገልጧል፤ የእኛው የጫካ ቡና ከእነዚያ አንዱ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ክርክር የራብ ክርክር ነው። «ሕዝብ እየራበው ለጉሬዛ መሬት እንተውን?» የሚለን ሰው አላፊዝም፤ ልጆቹን ማብላት አለበት፤ እኛም ጠግበን የምንጽፍ ስለ ሆንን ልናፍር ይገባናል። ዳሩ ግን በዚያ ቁልቁለት ላይ ጫካ ተመንጥሮ በቆሎ የተዘራበትን እርሻ ዝናሙ እንዴት እንደሚያጥበው ገበሬው ከእኛ ይበልጥ ያውቃል። ከማር፥ ከቡናና ከኮረሪማ የሚያገኘውን ከበቆሎው ጋር አስተያይቶ እንዲመርጥ ግን ማን ጠይቆት ያውቃል? የሚጠየቀው ከተወሰነ በኋላ ነው፤ የሚጠየቀውም እንዲፈርም ነው።

ከፋና ያዩ እ.ኤ.አ. በ2010፥ ሸካም እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ መዝገብ እንዲጠበቁ ገብተዋል። በፓሪስ መዝገብ ውስጥ ጫካ የተባለው በወረዳው መዝገብ ባዶ መሬት ተብሎ ከቀጠለ ግን ሁለቱ መዛግብት የሚጋጩት በዛፉ ሥር ነው። መሬት የሚመራበትን ቅጽ የምታዘጋጁ ባልደረቦቻችን ሆይ፥ የምንለምናችሁ አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ «ባዶ» የሚለውን ቃል ሰርዛችሁ በቦታው ቀፎው ስንት እንደ ሆነ፥ ቡናው የማን እንደ ሆነ፥ ዛፉ ምን ምን እንደ ሆነ የሚጻፍበት መስመር አስምሩበት። የሚሞላውም ሰው በጠረጴዛው ላይ ሳይሆን እዚያው ጫካ ገብቶ፥ ባለ ቀፎውን ይዞ ይሙላው።